መሣሪያው ተመለሰ፣ ሰፈሩ ቀረ፦ የኒው ኦርሊንስ ሙዚቀኞች ከጎርፉ 20 ዓመት በኋላ

ፋትስ ዶሚኖ በሕይወት እያለ ሞተ ተብሎ ተለቅሶለታል። ከሮክ ኤንድ ሮል አባቶች አንዱ የሆነው ይህ ፒያኖ ተጫዋች፣ ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ በአሜሪካ ሉዊዚያና ክልል ያለችውን ኒው ኦርሊንስን ሲመታ 77 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ ታምማ ስለነበር ከተማውን ለቅቄ አልወጣም ብሎ፣ ሎወር ናይንዝ ዋርድ በሚባለው የጥቁር ሠራተኞች ሰፈር ከቤቱ ቀረ። ውሃው ሰፈሩን ከዋጠው በኋላ ወሬው ጠፋ፤ መሞቱን ያመነ ሰውም የቤቱ ግድግዳ ላይ በቀለም የስንብት ቃል ጻፈለት። ፋትስ ግን በነፍስ አድን ሠራተኞች ተርፎ ነበር። ከጭቃ ውስጥ የተነሣው ነጭ ስታይንዌይ ፒያኖው ከዓመታት በኋላ ታድሶ በሉዊዚያና ሙዚየም ለሕዝብ እይታ ቀረበ። ባለፒያኖው ግን ወደዚያ ሰፈር ተመልሶ አልኖረበትም፤ በ2017 ያረፈው ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ባለች ሃርቪ በምትባል ሌላ ቦታ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጎርፉ በኋላ የከተማዋ ሙዚቃ የሄደበትን መንገድ ከዚህ የተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላገኘሁም። መሣሪያው ተመለሰ፣ መድረኩም ተመለሰ፤ ቱሪስቱ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ መጣ። ሙዚቃውን የሚያፈልቀው ሰፈር ግን በከፊል ብቻ ነው የተመለሰው። ለዚህ ውሃውን ብቻ መውቀስ አይቻልም። ከውሃው በኋላ ስለ ቤት፣ ስለ ትምህርት ቤትና ስለ መንገድ የተወሰኑ ውሳኔዎች ከውሃው ያላነሰ ሥራ ሠርተዋል።

ውሃው ራሱ የመጣበትን መንገድ ማስታወስ ያስፈልጋል። ካትሪና የብስ የረገጠው ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን ኦገስት 29 ቀን 2005 ነው። ከተማዋን ያሰጠማት ግን የነፋሱ ጉልበት ብቻ አልነበረም። በሰቨንቲንዝ ስትሪት፣ በለንደን አቬኑና በኢንዱስትሪያል ቦዮች ዳር የቆሙት የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ተደረመሱ። ግንቦቹን የሠራው የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል በ2006 ባወጣው የምርመራ ሪፖርት የንድፍ ጉድለት እንደነበረባቸው አምኗል። ከከተማዋ 80 በመቶ የሚሆነው በውሃ ተሸፈነ። የሟቾቹ ቁጥር ለረጅም ጊዜ ከ1,800 በላይ እንደሆነ ሲነገር ቆይቶ፣ በ2023 የአሜሪካ የአውሎ ነፋስ ማዕከል ወደ 1,392 አስተካክሎታል።

ለሙዚቃው ወሳኝ የሆነው ውሃው የነካውና ያልነካው ቦታ ልዩነት ነው። በወንዙ ዳር ያለው መሬት ከፍ ያለ በመሆኑ፣ ቱሪስት የሚያውቃቸው የፍሬንች ኳርተር ጭፈራ ቤቶች በአመዛኙ ደረቅ ሆነው ተረፉ። የሰጠሙት ጄንቲሊ፣ ሰቨንዝ ዋርድ፣ ሎወር ናይንዝ ዋርድና መሰል ሰፈሮች ናቸው። ማለትም ሙዚቀኛው ማታ የሚሠራበት ቦታ ተርፎ፣ ሌሊት የሚያድርበት ቤት ጠፋ። ከዚያ በኋላ ለመጣው ነገር ሁሉ መነሻው ይኸው ነው። መድረኩ ስለተረፈ፣ ሙዚቃው የተረፈ መሰለ።

የጠፋውን በቅርብ ለማየት የክላርኔት ተጫዋቹንና የታሪክ ተመራማሪውን የዶክተር ማይክል ኋይትን ቤት እንመልከት። ቤቱ ጄንቲሊ ውስጥ፣ ከለንደን አቬኑ ቦይ አቅራቢያ ነበር። ኋይት ከ50 በላይ ክላርኔቶች ሰብስቦ ነበር፤ አንዳንዶቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናቸው። ከእነርሱ ጋር በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትና ሸክላዎች፣ የቀደምት የጃዝ ሰዎች ፎቶግራፎች፣ የሙዚቃ ኖታዎችና ራሱ በአካል እያገኘ ያነጋገራቸው አዛውንት ሙዚቀኞች ቃለ ምልልሶች ነበሩ። ውሃው ለሳምንታት ተኝቶባቸው ሲሄድ የተረፈው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። እንጨት ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፤ ወረቀት ሊጥ ይሆናል። ለዚህ ሰው አዲስ ክላርኔት መስጠት ይቻላል፤ ተሰጥቶታልም። በ1920ዎቹ ሲጫወቱ ከነበሩ ሰዎች አፍ የተቀዳን ቃል ግን ማንም ገዝቶ አይተካውም።

የመሣሪያው ጉዳይ በአንጻራዊነት ቶሎ የተፈታው ነው። ሙዚኬርስ የተባለው የሙያተኞች መረዳጃ ድርጅት፣ የቲፒቲናስ ፋውንዴሽን፣ ፕሪዘርቬሽን ሆል በተባለው የጃዝ አዳራሽ ዙሪያ የተቋቋመው የዕርዳታ ፈንድና ሌሎችም ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ከበሮና የወር ኪራይ ጭምር ሲያድሉ ከረሙ። በ1998 የተመሠረተው የሙዚቀኞች ክሊኒክም የጤና ዋስትና ለሌላቸው ተጫዋቾች ሥራውን ቀጠለ። የዚህን ዕርዳታ ዋጋ ማሳነስ አልፈልግም፤ መሣሪያ የሌለው ሙዚቀኛ እጁ እንደታሰረ ሰው ነው። ነገር ግን መሣሪያ መለገስ ለለጋሹ የሚመች ዕርዳታ መሆኑም አይካድም። በአንድ ቀን ያልቃል፣ ፎቶግራፍ ላይ ያምራል፣ የማንንም ጥቅም አይነካም። ቤት ግን መሬት፣ ኪራይ፣ ባንክና ፖለቲካ ነው።

ከተማዋ ማገገሟን ለዓለም ያሳየችውም በመድረክ ነው። ጎርፉ በገባ በስድስት ወሩ፣ ፌብሩዋሪ 2006፣ የማርዲ ግራ ክብረ በዓል አጠር ብሎ ተከበረ። በኤፕሪል መጨረሻ የጃዝ ፌስቲቫሉ ተመለሰ፤ የሮክ ዘፋኙ ብሩስ ስፕሪንግስቲን ከትልቅ ባንድ ጋር ቆመ፣ ሕዝቡ አለቀሰ፣ ጋዜጦች ከተማዋ ተነሣች ብለው ጻፉ። ያን ዕለት መድረክ ላይ ከነበሩት የአገሬው ተወላጆች ብዙዎቹ ግን በዓሉ ሲያበቃ የሚሄዱት ወደ ሂዩስተን፣ ወደ ኦስቲን ወይም ወደ አትላንታ ነበር። ከሂዩስተን ኒው ኦርሊንስ በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ዓርብ መጥቶ፣ ቅዳሜና እሑድ ተጫውቶ፣ ሰኞ ልጆቹን ትምህርት ቤት ለማድረስ መመለስ ለብዙ ተጫዋቾች የዓመታት ኑሮ ሆነ። ተመልካቹ ይህን አያይም። እርሱ የሚያየው ቡድኑ ሙሉ ሆኖ መድረክ ላይ መቆሙን ነው።

የዚህች ከተማ ሙዚቃ ከሌላው የሚለየው ከመድረክ በፊት መንገድ ላይ በመወለዱ ነው። የጥቁሮቹ ሰፈሮች ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የመረዳጃና የመዝናኛ ማኅበራት አሏቸው። ለእኛ አንባቢ እድር ብንላቸው ከሞላ ጎደል ይገባዋል፤ አባሉ ያዋጣል፣ ሲታመም ይጠየቃል፣ ሲሞት በወጉ ይቀበራል። ልዩነቱ ቀብሩ ላይ ነው። የነሐስ መሣሪያ ባንዱ አስከሬኑን በቀስታ በሐዘን ዜማ ይሸኛል፤ ሟች ከተሰናበተ በኋላ ከበሮው ይነሣና ሐዘኑ ወደ ጭፈራ ይለወጣል። ከባንዱና ከማኅበሩ አባላት ኋላ የሚከተለው፣ መሐረብና ጃንጥላ እያወዛወዘ የሚጨፍረው የሰፈር ሰው ሰከንድ ላይን ይባላል፤ ሰልፉም በዚሁ ስም ይጠራል። ማኅበራቱ ከቀብር ውጭም በየእሑዱ ተራ ገብተው፣ ልብስና ጫማቸውን በአንድ ቀለም አሰፍተው ለሰዓታት በየሰፈሩ ይዞራሉ። አሥር ዓመት ያልሞላው ልጅ ቱባ የሚባለውን ትልቅ የነሐስ መሣሪያ ከሚነፋው ሰው አጠገብ እየሮጠ ምቱን በእግሩ ይማራል። ነገ ያ ልጅ የትምህርት ቤት ባንድ ውስጥ ትሮምቦን ይይዛል፤ ከነገ ወዲያ ከሰፈር ጓደኞቹ ጋር የራሱን ባንድ ያቆማል። ሪበርዝና ሆት ኤይት የተባሉት ባንዶች የወጡት ከዚህ መስመር ነው።

ሰንሰለቱ እንዲህ ከሆነ፣ አንዱ ቀለበት ሲበጠስ ሌላውም ይላላል። የመጀመሪያው የተበጠሰው ትምህርት ቤቱ ነው። በኖቬምበር 2005 የክልሉ መንግሥት አብዛኞቹን የከተማዋን የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ወሰደ፤ ከ7,000 በላይ መምህራንና ሠራተኞች ተሰናበቱ። ከእነርሱ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ትውልድ ሲያፈሩ የኖሩ የባንድ መምህራን ነበሩ። ትምህርት ቤቶቹ ቀስ በቀስ በየራሳቸው ቦርድ ወደሚተዳደሩ ቻርተር ትምህርት ቤቶች ሲለወጡ፣ የሚለኩት በፈተና ውጤት ሆነ፤ ባንድ መኖር አለመኖሩ በየትምህርት ቤቱ ኃላፊ ፈቃድ ላይ ወደቀ። ተማሪውም በአውቶቡስ ከሰፈሩ ርቆ መማር ስለጀመረ፣ የሰፈሩ ልጆች በአንድ ባንድ አብረው ማደጋቸው ቀረ።

እጅ ያልሰጡም ነበሩ። ሦስት የጥቁሮች የካቶሊክ ትምህርት ቤቶች፣ ሴንት ሜሪስ፣ ሴንት ኦገስቲንና ዛቪየር ፕሬፕ፣ እያንዳንዳቸው ለብቻ መክፈት ባይችሉ በጋራ አንድ ትምህርት ቤት ከፍተው ማክስ አሉት። ባንዶቻቸውን አዋሕደውም በ2006 ማርዲ ግራ ላይ ተሰለፉ። በሌላ በኩል ዲነራል ሼቨርስ አለ። የሆት ኤይት ከበሮ መቺ የነበረው ይህ ወጣት ራቡዋን በተባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ባንድ በሌለበት ባንድ ለማቋቋም ተቀጠረ። ዲሴምበር 28 ቀን 2006 በ25 ዓመቱ በጥይት ተገደለ። በቀጣዩ ጃንዩዋሪ በሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ወንጀሉ ይብቃ ብለው ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲተሙ፣ ካንቀሳቀሷቸው ግድያዎች አንዱ የእርሱ ነበር። የሪበርዝ ከበሮ መቺ ዴሪክ ታብ ደግሞ ሩትስ ኦቭ ሚውዚክ የሚባል ፕሮግራም አቋቋመ። ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉ ልጆች ከትምህርት በኋላ መሣሪያ፣ ትምህርትና ምግብ በነፃ ይሰጣል፤ ቤታቸው ድረስም መኪና ይመድባል። መኪናው ትንሽ ነገር ይመስላል። በተበተነ ሰፈር ውስጥ ግን ልጁን ከባንዱ ጋር የሚያገናኘው እርሱ ነው።

ወደ ቤቱ ጉዳይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ሮድ ሆም የተባለው ቤት መልሶ የመሥሪያ ድጎማ የሚታሰበው ከጎርፉ በፊት ቤቱ በነበረው የገበያ ዋጋ ወይም በጥገናው ወጪ፣ ከሁለቱ ባነሰው ነበር። በጥቁሮች ሰፈር ያለ ቤት፣ ስፋቱና አሠራሩ በነጮች ሰፈር ካለው ጋር እኩል ሆኖ እንኳ የገበያ ዋጋው ዝቅ ይላል። ስለዚህ ተመሳሳይ ቤት፣ ተመሳሳይ ጉዳት፣ የተለያየ ድጎማ ሆነ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 በ62 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ። ያን ጊዜ ግን ስድስት ዓመት አልፏል፤ ሰው ሌላ ከተማ ልጅ አሳድጓል። ተከራዩ ደግሞ ከዚህ ድጎማ ድርሻ አልነበረውም፤ ከሙዚቀኞቹ ብዙዎቹ ተከራዮች ናቸው። ኪራይ በሁለት ዓመት ውስጥ ከ40 በመቶ በላይ ናረ። በዲሴምበር 2007 የከተማው ምክር ቤት በዝቅተኛ ኪራይ የሚሰጡ አራት ትልልቅ የመንግሥት መኖሪያ ግቢዎች እንዲፈርሱ ፈቀደ፤ 4,500 ያህል ቤቶች ማለት ነው። ከእነርሱ አንዱ ላፊት የተባለው፣ የነሐስ ባንዶች እምብርት ከሆነው የትሬሜ ሰፈር ጎን ያለው ነው።

ለሙዚቀኛ ተብሎ የታቀደ ቤት አልነበረም ማለት አይደለም። የከተማዋ ተወላጆች የሆኑት ሙዚቀኞች ሃሪ ኮኒክ ጁኒየርና ብራንፎርድ ማርሳሊስ ሃቢታት ፎር ሂዩማኒቲ ከተባለው ቤት ሠሪ በጎ አድራጊ ድርጅት ጋር ሆነው በናይንዝ ዋርድ የላይኛው ክፍል የሙዚቀኞች መንደር መሠረቱ። 72 ቤቶች፣ ለአዛውንት ሙዚቀኞች የሚሆኑ መኖሪያዎችና በ2011 የተከፈተ የኤሊስ ማርሳሊስ የሙዚቃ ማዕከል አለው። ከጎርፉ በኋላ ከተሠሩት ሥራዎች ውስጥ እንዲህ ተጨባጭ የሆነ ጥቂት ነው። ነገር ግን ወዲያው አንድ ችግር ተጋፈጠው። ቤቱ ወለድ በሌለው ብድር ስለሚሸጥ አመልካቹ የገቢ ማስረጃና ንጹሕ የብድር ታሪክ ማቅረብ ነበረበት። በጥሬ ገንዘብና በጉርሻ የሚኖር፣ አንድ ሳምንት አምስት ሌላ ሳምንት አንድ ሥራ የሚያገኝ ትሮምቦን ተጫዋች የደመወዝ ወረቀት ከየት ያመጣል? ስማቸው በከተማው የታወቀ ተጫዋቾች ሳይቀሩ ወረቀት አላሟሉም ተብለው ተመለሱ። በጎ ፈቃዱ ነበረ፣ ገንዘቡም ነበረ፤ ቅጹ ግን የተዘጋጀው በየወሩ ደመወዝ ለሚቆረጥለት ሰው ነው።

መንገዱም እንደ ድሮው አልሆነም። በጃንዩዋሪ 2006 ሠላሳ ያህል ማኅበራት ተባብረው፣ የተበተነውን ሕዝባቸውን ኑ ተመለሱ ለማለት አንድ ታላቅ ሰልፍ አደረጉ። ከሰልፉ በኋላ በተኩስ ሦስት ሰዎች ቆሰሉ። ፖሊስ ማኅበራቱ ለጥበቃ የሚከፍሉትን ክፍያ ከሦስት እጥፍ በላይ አሳደገው። ግማሹ አባላቸው ሂዩስተን ያለ፣ መዋጮ የማይሰበስቡ ማኅበራት ከየት ያምጡት? ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፣ ክፍያውም በ2007 በስምምነት ዝቅ አለ።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 1 ምሽት የኒው በርዝ ባንድ የቱባ ተጫዋች የነበረውን ኬርዊን ጄምስን ለመዘከር ሙዚቀኞች በትሬሜ እየተጫወቱ ሲዞሩ የፖሊስ መኪኖች ከበቧቸው። ያለፈቃድ ተሰለፋችሁ፣ ሰላም አወካችሁ ተብለው ሁለት ሰዎች ታሰሩ፤ ግሌን ዴቪድ አንድሩስና ወንድሙ፣ ከላይ ያነሣነው ዴሪክ ታብ። ሰፈሩን ያስቆጣው እስሩ ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለው የሐዘን ሽኝት በትሬሜ ማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ለትውልዶች የኖረ ነው፤ ፖሊስ የጠራው ሰው ማነው የሚለው ጥያቄ ወዲያው ተነሣ። ከጎርፉ በኋላ ደረቅ መሬት ላይ ያለው አሮጌና ውብ ሰፈር ተፈላጊ ሆኖ ነበር፤ አዳዲስ ነዋሪዎች ገብተውበታል። በማግስቱ ሙዚቀኞቹ ፈቃድ አውጥተው ተመልሰው ተጫወቱ። ክርክሩ ግን አላበቃም። በ2010 ፖሊስ በካናልና በቡርቦን ጎዳናዎች መገናኛ ላይ የሚጫወተውን ቲ ቢ ሲ ባንድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ እንዳይጫወት በአሮጌ ደንብ ከለከለው። በጃንዩዋሪ 2014 ደግሞ የድምፅ ደንቡ ሊጠብቅ ነው ሲባል፣ ረቂቁ ከውይይት እንዲወጣ ቢደረግም ሙዚቀኞቹ ቱባና ትሮምቦናቸውን ይዘው ማዘጋጃ ቤት ገብተው እዚያው ነፉላቸው።

ለክርክሩ ሌላኛው ወገን ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ከጎርፉ በኋላ ሙዚቃው ሞቷል ያለ ሰው ተሳስቷል። በ2012 ሪበርዝ ባንድ የግራሚ ሽልማት ወሰደ። ከትሬሜ የወጣው፣ ትሮምቦን ሾርቲ የተባለው ተጫዋች በዓለም መድረክ ይዞራል። የእሑድ ሰልፎች ዛሬም አሉ። ዓለም ስለ ከተማዋ ያለው ፍቅርና ጉጉት ከጎርፉ በፊት ከነበረው ይበልጣል ቢባልም አልቃወምም። የእኔ ጥያቄ ከዚህ ፍቅር ውስጥ ስንቱ የኪራይ ገንዘብ ሆኖ ወደ ተጫዋቹ ኪስ ይገባል የሚለው ነው።

የካንትሪ ሙዚቃ መዲና ከሆነችው የአሜሪካ ከተማ ከናሽቪል ጋር ማወዳደር ይህን ያጠራዋል። በሜይ 2010 የከምበርላንድ ወንዝ ሞልቶ የናሽቪልን የመሣሪያ መጋዘኖችና ግራንድ ኦል ኦፕሪ የተባለውን ዝነኛ የሙዚቃ አዳራሽ መድረክ አጥለቀለቀ። የታወቁ ኮከቦች ጊታር ተበላሸ። ኦፕሪ ግን በሴፕቴምበር መጨረሻ ተከፈተ። የናሽቪል ሙዚቃ ኩባንያ፣ ሕንፃና ኢንሹራንስ ያለው ኢንዱስትሪ ነው፤ የጠፋውን ቆጥሮ የሚተካ ባለቤት አለው። የኒው ኦርሊንስ ሙዚቃ ግን ያረፈው በጎረቤቶች መካከል ባለ ግንኙነት ላይ ነው፤ አክስት በሰጠችው ነፃ ክፍል፣ በአባት ውርስ ቤት፣ በመንደር ቡና ቤት። እነዚህ በየትኛውም የኢንሹራንስ ሰነድ ላይ የሉም።

እያሳሳቀ ይወስዳል ውሃ ይባላል፤ ከጎርፉ በኋላ የመጣው የኪራይ ገበያም ያደረገው እንዲሁ ነው። ከተማዋ በ2016 በኤርቢኤንቢና በመሰል ድርጅቶች የሚደረገውን የአጭር ጊዜ ኪራይ ሕጋዊ ስታደርግ፣ በትሬሜና በአካባቢው ያሉ ቤቶች ለቱሪስት በቀን ሒሳብ መከራየታቸው የቤተሰብ ኪራይን አስናቀ። ቱሪስቱ የሚመጣው የእውነተኛ ሙዚቀኞች ሰፈር ውስጥ ለማደር ነው፤ እርሱ በተኛበት አልጋ ልክ ሙዚቀኛው ወደ ዳር ይገፋል። ከተማዋ በ2019 እና በ2023 ደንቡን አጠበቀች፤ በመካከሉ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አከራዩ በዚያው ነዋሪ መሆን አለበት የሚለውን ግዴታ ሽሮባታል። የሕዝብ ቆጠራው ውጤቱን ይናገራል። በ2000 ከ484 ሺህ በላይ የነበረው የከተማዋ ሕዝብ በ2020 ወደ 384 ሺህ ገደማ ወርዷል። የጥቁሮች ድርሻም ከ67 በመቶ ወደ 54 በመቶ ቀንሷል።

በኦገስት 29 ቀን 2021፣ ካትሪና በደረሰበት ቀን፣ ሌላ ብርቱ አውሎ ነፋስ መጣ፤ አይዳ። ከ2005 በኋላ በ14.5 ቢሊዮን ዶላር የተሠራው የመከላከያ ሥርዓት ውሃውን አገደው። ነፋሱ ከታላቁ የጃዝ ሰው ከሉዊ አርምስትሮንግ ልጅነት ጋር የተያያዘውን የካርኖፍስኪን አሮጌ ሱቅ አፈረሰ፤ ከተማዋም በሙሉ ጨለማ ዋጣት። ጭፈራ ቤቶች ዘጉ። በኮቪድ ምክንያት ከጸደይ ወደ ኦክቶበር ተሸጋግሮ የነበረው የጃዝ ፌስቲቫል ገና በነሐሴው መጀመሪያ ተሰርዞ ነበር። ግንቡ ይዟል፣ ማንም ቤቱ ጣሪያ ላይ አልወጣም። በማታ ገቢ የሚኖረው ተጫዋች ግን ከ16 ዓመት በፊት በነበረበት ሁኔታ ላይ ነበር፦ የሕመም ፈቃድ የለውም፣ የሥራ ዋስትና የለውም፣ መድረኩ ለአንድ ወር ሲዘጋ የሚቀጥለው ኪራይ የሚከፈለው ከዕርዳታ ድርጅት በሚሰጥ ቼክ ነው። ለግንቡ በጀት የመደቡት የፌዴራልና የክልል መንግሥታት ለዚህኛው ክፍተት የግንቡን ያህል አልመደቡም።